ወደ አምደወርቅ የተላኩ ካሴቶች

በ1997 ዓ.ም. ማርታ ሰቆጣ ውስጥ የተቀጠረችበት ሥራ ሰው መጠየቅ ነበር። አንድ ድርጅት ትንንሽ ልጆች ላሏቸው ወላጆች የልጅ አስተዳደግ ትምህርት በካሴት አስቀርጾ ነበር። ከመንደሮቹ ግማሾቹ እየሰሙ፣ ግማሾቹ ሳይሰሙ ይቆዩና በዓመቱ ትምህርቱ ይጥቀም አይጥቀም ይለያል። ማርታ በሁለቱም ዓይነት መንደር ከቤት ቤት እየዞረች ያንኑ አርባ ጥያቄ ታነባለች፣ መልሱን ትሞላለች። ኽምጣኛም አማርኛም እኩል ስለምትናገር የጋዝጊብላ ወረዳ ለእሷ ደረሳት።

የራሷ ልጅ ብርሃን አምደወርቅ ነበረች። አባትየው ሁመራ ወርዶ እንደወጣ ስለቀረ፣ ማርታ የዓመት ከስምንት ወር ልጇን ለእናቷ ለወይዘሮ ወለተሥላሴ ትታ መጣች። ስትወጣ «እስከ ገና ነው» ብላ ነበር። ገና አለፈ። ፈቃድ ስትጠይቅ ተቆጣጣሪዋ ኪዳኑ ራሱን ነቀነቀ።

«አንዱን ቤት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ሰው ነው መጠየቅ ያለበት። ሁለተኛው የመጠየቂያ ዙር ይለቅና ትሄጃለሽ።»

ከዚያ ወዲህ ጥያቄዎቹ ይከብዷት ጀመር። ትናንት ለልጅሽ ተረት ነግረሻል? ልጅሽ ሲያለቅስ መጀመሪያ ወደ ማን ይሄዳል? ብርሃንን ትታት ስትመጣ አሥራ ሁለት ጥርስ ነበራት፤ አሁን ስንት እንደደረሱ አታውቅም።

በየካቲት፣ ካሴቱ ከሚሰማባቸው መንደሮች በአንዱ፣ አመተ ማርያም የምትባል ሴት ሽምብራ እየለቀመች ተቀበለቻት።

«ትናንት ልጅሽን አሞግሰሽዋል?» አለቻት ማርታ።

«ውይ! ለቡዳ ልስጠው እንዴ?»

«ካሴቱ ልጅን አሞግሱ ይል የለም?»

«ካሴቱማ ሰቆጣ ተቀምጦ ምን አለበት! ቡዳው ያለው እኛ ጎረቤት።» ወዲያው ወደ በሩ ዞረች። «ና አንተ አመዳም! ና አንተ ፉንጋ!»

ልጁ እየሳቀ መጥቶ ጭኗ ላይ ተወረወረ። ማርታ የያዘችው ቅጽ ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ቦታ ስላልነበረው «አላሞገሰችም» በሚለው ላይ ምልክት አደረገች። ዓይኗ ግን ከልጁ አልነሣ አለ።

«አንቺስ ወልደሻል?» አለች አመተ ማርያም።

«አንዲት ልጅ አለችኝ። አምደወርቅ፣ እናቴ ዘንድ።»

«የእኔው ሲከፋው ወደ ማን እንደሚሄድ ትጽፊያለሽ። ያንቺዋስ ወደ ማን ትሄዳለች?»

ማርታ እስክሪብቶዋን ከደነች።

በዚያው ቅዳሜ ባዶ ካሴት ገዝታ፣ የቢሮውን ቴፕ አስፈቅዳ ብቻዋን ተቀመጠች። መጀመሪያ እንደ ትምህርቱ ተናጋሪ ድምጿን አሳምራ ጀመረች፤ አፈረችና አጠፋችው። ሁለተኛ ስትሞክር የቄሱን ጥምጣም ስለበላች ፍየል ተረት ፈጥራ አወራች፤ ፍየሏ በጮኸች ቁጥር እሷም ጮኸች። ካሴቱን ለአምደወርቅ ሚኒባስ ሾፌር ሰጠችው። በየሁለት ሳምንቱ አንድ እያለች አምስት ላከች። እናቷ የጎረቤታቸውን የአቶ ደጅይጥኑን ቴፕ እየተዋሱ ብርሃንን ያሰሟት ነበር። በሰው እጅ ያስጻፉት ደብዳቤም መጣ፦ «ስንከፍትላት ታጨበጭባለች። ፍየሏን ድገሙልኝ ትላለች።» ማርታ በየካሴቱ መጨረሻ የምትጠይቀውን ግን አልመለሱም። ታስታውሰኛለች ወይ ነበር የምትለው።

ዙሩ ግንቦት ላይ አለቀ፤ አምደወርቅ ገባች። ብርሃን ከአያቷ ቀሚስ ኋላ ተሸሸገች።

«እናትሽ እኮ ናት፤ ነይ ሳሚያት!» አሉ ወይዘሮ ወለተሥላሴ።

ልጅቷ አልተነቃነቀችም። ማርታ ባለችበት ቁጭ ብላ የፍየሏን ተረት ጀመረች። ብርሃን አንገቷን አውጥታ አዳመጠች፤ ፍየሏ የምትጮህበት ጋ ሲደረስ ቀድማ ጮኸች። ተረቱ ሲያልቅ ተመልሳ ተሸሸገች። ድምጿን ታውቀዋለች፤ ሴትዮዋን አታውቃትም።

በማግስቱ ልጅቷ ደጃፉ ላይ ተደናቅፋ ወደቀች። ማርታ ቅርብ ስለነበረች እጇን ዘረጋች። ብርሃን እያለቀሰች በአጠገቧ አልፋ «እማ!» ብላ አያቷ ላይ ተጠመጠመች።

ሰኞ ጠዋት የሰቆጣው ሚኒባስ ጥሩንባውን ነፋ። ሦስተኛው ዙር በማግስቱ ይጀምራል።

«ሂጂ ልጄ፣ እንጀራሽ ነው። እኔ አለሁላት» አሉ እናቷ።

«አውቃለሁ እማ። እሷም ይህን ስላወቀች ነው የማልሄደው።»

«ሥራውስ?»

«ሌላ ሰው ይፈልጉ።»

ሚኒባሱ ሁለት ጊዜ ነፍቶ ሄደ። እናቷ እንስራውን አንሥተው ሰጧትና፣ «በይ እንግዲያስ፣ ማርታ፣ ውኃ ቅጂ» አሏት። ቀድታ ስትመለስ ብርሃን በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ማርታ!» አለች፣ ልክ እንደ አያቷ።

«አቤት» አለች ማርታ።

ልጅቷ የምትነግራት ነገር አልነበራትም። ትንሽ አየቻትና ወደ ውስጥ ሮጠች። ማርታ እንስራውን ሳታወርድ፣ ደግማ ትጠራት እንደሆነ ብላ እዚያው ቆየች።