በምርቃት ያበላሸሁት ጥርስ

የጥንት ሰው አጥንት ከሚፈለግበት ቁፋሮ የገባሁት ወንፊት ልሸጥ ስሄድ ነው። ከዱርቤቴ ቡሬ፣ ከቡሬ ፍኖተ ሰላም፣ ገበያ ለገበያ ስዞር የኖርሁ ሴት ነኝ። አንድ ቀን ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ዋሻ አፍ ላይ ሰዎች አፈር ሲነፉ አየሁና ቆምሁ። አነፋፋቸው አላስቻለኝም።

«ልጄ፣ እንዲህ ካንገላታሽውማ ፍሬውን ከገለባው ጋር ትደፊዋለሽ» አልኋት አንዷን።

ለካ የሁሉም አለቃ ኖራለች። ዶክተር ሰላማዊት ትባላለች። ወንፊቱን አቀበለችኝ፤ «እስቲ ያሳዩን፣ እማማ።»

እነሱ ነፍተው ከደፉት አፈር ውስጥ የጣት አጥንት አወጣሁላት። በዚያው ቀረሁ፤ ይኸው አራት በጋ ሠራሁ። ያን ዕለት የተሸከምኋቸው ወንፊቶችም ሳይሸጡ ቀሩ።

ፊደል አልቆጠርሁም፤ ይህንንም እኔ እያወራሁ ሌላ ሰው ነው የሚጽፍልኝ። ሥራውን ግን አውቀዋለሁ። ካቦው ቦታውን በክር ይከፋፍላል። ቆፋሪው በማንኪያና በብሩሽ ቀስ እያለ ይጠርጋል። አፈሩ ወደ ነፊዋ ይመጣል። ነፊዋ እኔ ነኝ።

ነጭ ቱታ፣ ጭንብልና ድርብ ጓንት ያለበሱኝ ቀን ካቦ ፈንታሁን ሳቀብኝ።

«እማማ ብርቄ፣ ወፍጮ ቤት ውለው መጡ እንዴ?»

«አንተስ? ሙልሙል ዳቦ መስለህ የለም?» አልሁት።

በዚያው ቀን የሁላችንንም የጉንጭ ውስጥ በጥጥ ጠረጉ። ዶክተሯ ስታስረዳን፣ በአጥንቱ ውስጥ ሰው ከእናት ከአባቱ የወረሰው ዘረመል አለ፤ እሱ ከተነበበ የማን ዘመድ እንደሆነ ይታወቃል፤ የእኛ ላብና ምራቅ ከነካው ግን ይቀላቀላል አለች። ነገሩ እንደ ዘር ጤፍ ነው ብዬ ተረዳሁት፤ ሌላ ከገባበት አይዘራም።

ዋሻው ውስጥ የሁለት ሰዎች አጥንት ነበር። አንዷ ትልቅ ሴት፣ አንዷ ለጋ ልጅ። የልጅቱ ራስ በትልቋ ክንድ ላይ ነው። የአገሩ ሰው ሁሉ «እናትና ልጅ ናቸው» አለ። ዶክተሯ ግን «ዓይን ስላየው አልጽፍም፤ ዘረመሉ ይናገር» አለች።

የልጅቱ ጥርስ የወጣችው በእኔ ወንፊት ላይ ነው። እንደ ስንዴ ፍሬ ያማረች፣ በአንድ ጎኗ ብቻ የተሰነጠቀች። በእኛ አገር ሽማግሌ ለጋ ልጅ አይቶ ሳይመርቅ አያልፍም። ጭንብሌን ዝቅ አደረግሁና «እትፍ፣ እትፍ! አፈሩ ይቅለልሽ፣ ልጄ» ብዬ ወደ ከረጢቷ አስገባኋት። ማንም አላየኝ። ጥፋት መሆኑም ትዝ አላለኝ።

ከወራት በኋላ ውጤቱ መጣ። ዶክተሯ ሰበሰበችን፤ ፊቷ ጠቁሯል።

«የትልቋ በጣም የቆየ ነው። የትንሿ ጥርስ ግን የዛሬ ሰው ዘረመል ነው ያለው።»

«እናትና ልጅ አይደሉማ!» አለ ፈንታሁን።

«የቅርብ ሟች ከሆነች ጉዳዩ የፖሊስ ነው። ዓርብ ሳጥኖቹን እናሽጋለን። ትንሿ ለብቻዋ ትሄዳለች።»

«ያ ከጉንጫችን የወሰዳችሁት ጥጥስ?» አልሁ፤ ድምፄ አንሶብኝ።

«ይመሳከራል፣ እማማ። ግን ወራት ይፈጃል።»

በወራት ውስጥማ እኔ ሊበን ገበያ እሆናለሁ። ዝም ብል ማን ያውቅብኛል? ግን ያ ክንድ በዓይኔ መጣ። ልጅቱን ወስደውበት ባዶውን ሊታሸግ ነው። ሥራዬንም ወድጄው ነበር፤ ቢሆንም ዶክተሯን ድንኳኗ ድረስ ተከትያት ገባሁ።

«ልጄ፣ ጥርሷን መርቄያታለሁ።»

«ምን አደረጉ?»

«እትፍ እትፍ ብያለሁ።»

ራሷን በሁለት እጇ ያዘች። «ጭንብሉስ፣ እማማ?»

«ጭንብል ተለብሶ ምን ምርቃት ይወጣዋል?»

ከዚያ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ፈንታሁን ከውጭ ሰምቶ ኖሮ «በዚህ ዕድሜዎ ሴት ልጅ ወለዱልን! እንኳን ማርያም ማረችዎት!» አለ።

አላባረረችኝም። ያልሁትን ጽፋ በአውራ ጣቴ አስፈረመችኝ። የእኔ ጥጥ አስቀድሞ እንዲመረመር ደወለች። ከልጅቱም ከጆሮ በስተውስጥ ያለውን፣ እንደ ድንጋይ የጠነከረውን አጥንት ወስዳ ላከች። ዓርብ ደረሰ፤ ሳጥኖቹ አልታሸጉም። እኔን ለአንድ ሳምንት ከወንፊት አንስታ ውኃ አስቀዳችኝ። ይገባኛል።

ሁለተኛው ውጤት ሲመጣ ዋሻው አፍ ላይ ቆማ አነበበችልን። ጥርሷ ላይ የተገኘው የእኔው ነው። የጆሮዋ አጥንት ግን የጥንት ነው፤ ልጅቱም ክንዷን የተንተራሰቻት ሴት የወለደቻት ናት። ሁለቱን በአንድ ሳጥን አደረጓቸው።

እልል አልሁ። ጭንብሌን አላወረድሁም።

ከእኔ በኋላ ወንፊቱን የምትይዙ፣ ያበላሻችሁትን በዕለቱ ተናገሩ። ምርቃቱን ከዋሻው ወጥታችሁ መርቁ፤ ከሩቅም ይደርሳል።