የብልቃጧ ሰውዬ

በገበያ ቀን ሰውዬው ከነቀምቴው ክሊኒክ ደጅ አይጠፋም። ጋቢው ታጥቦ ታጥቦ ሳስቷል፣ ግን እድፍ አይታይበትም። ከጫፉ የቋጠራትን ትንሽ ብልቃጥ ይፈታና፣ መድኃኒት ይቀዳልኛል ብሎ አግዳሚው ላይ ያቆማታል።

"አካም ቡልተን፣ እንደምን አደሩ፣ ሐኪም? ደሜ መልስ አመጣ?"

የክሊኒኩ ቁስል አሻጊ፣ ድሬሰሩ መሸሻ፣ ጥርሱን ነከሰ። አምና ፈረንጆች መጥተው "ምርመራ ነው" ብለው ከየመንደሩ ደም ቀዱ። እነሱ ምርመራ ሲሉ ጥናታቸውን ነው፤ አገሬው ግን የተመረመረ ሰው መድኃኒት ይዞ እንደሚመለስ ነው የሚያውቀው። ደሙን በበረዶ ሣጥን ጭነው ከሄዱ ወዲህ ድምፃቸው የለም። ጠያቂው ሁሉ የሚመጣው እሱ ላይ ነው።

"አባቴ፣ ስንቴ ልንገርዎ? ደምዎ ባሕር ተሻግሯል!"

"የተሻገረ አይመለስም እንዴ? የኛ ነጋዴ ሱዳን ደርሶ ይመለስ የለ?" አለ ሰውዬው፣ መርፌ የገባበትን ክንዱን እየዳበሰ።

መሸሻ ንዴቱን የሚወጣበት ቢያጣ ብልቃጧ ላይ አፈጠጠ። "ደግሞስ ይቺ የሕፃን መድኃኒት መያዣ ለእርስዎ ምን ትሆናለች?"

ሰውዬው ብልቃጧን በጋቢው ጫፍ ወልውሎ መልሶ ቋጠራት።

"እኔማ ጤነኛ ነኝ" አለ። "ታማ የተኛችው ልጄ ናት። ደም ሥሯ አልገኝ ሲላቸው፣ ደማችን አንድ ነው፣ ከእኔ ውሰዱላት አልኳቸው።"