ምላሴ ያላወቀው የባትሪ ድንጋይ

በ2015 ዓ.ም. ዕድሜዬ ስልሳ ዘጠኝ ነበር። ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ ሩዝ ማሳዬ ውስጥ ያለው የወፍ መጠበቂያ ማማ ላይ መውጣት ያቃተኝ በዚያ ዓመት ነው። አንበሳሜ የሚኖረው ልጄ ይህን ሰምቶ መጣና፣ «አባዬ፣ መሬቱን ለእኩል አራሽ ይስጡትና ይረፉ» አለኝ።

«የዘንድሮውን ሩዝ ወፍ ከጨረሰው እሰጣለሁ። ካልጨረሰው ግን ይህን ነገር ሁለተኛ እንዳታነሳብኝ» አልኩት። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ጽሑፍ ብዙ አልችልም። ቃሌ ግን ቃል ነው።

ግቢዬ ውስጥ አንዲት የኮምፒውተር አስተማሪ ተከራይታ ትኖራለች፤ ከአዲስ አበባ ተመድባ የመጣች። «ሃው! ሃው! ውጣ ከዚህ!» ስል ጩኸቴን ቀዳችና ከድምፅ ማጉያ ጋር አገናኘችው። ጎረቤቴ ማማው ላይ ወጥቶ ሰቀለልኝ። ማጉያው የሚሠራው ከተበላሹ ላፕቶፖች በወጡ ስድስት የባትሪ ድንጋዮች ነው፤ ሲያልቁ ቤት ወስደን እንሞላቸዋለን። ትንሽ ይጮሃል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ይጮሃል። አንድ ቀን ወረታ ገበያ ቆሜ ጎረቤቴ አገኘኝና፣ «አንተዬ፣ አሁን ማሳህ ውስጥ ስትሳደብ ትቼህ መጣሁ፤ በየት በኩል ቀደምከኝ?» ብሎ ሰው አሳቀብኝ።

አራት ቀን ሠራ። በአምስተኛው ቀን፣ ወፉ ከሰዓት በኋላ በሚወርድበት ሰዓት ዝም አለ። ስደርስ አንደኛው ዳር ገለባ ብቻ ቆሟል።

ድንጋዮቹን ቤት አምጥቼ አንድ በአንድ በሽቦ ምላሴ ላይ ሞከርኳቸው። አርባ ዓመት የሬዲዮ ድንጋይ የማውቀው እንዲህ ነው፤ ምላስ ካልቆነጠጠ ደክሟል። ሁለተኛው የደከመ መሰለኝ። አወጣሁትና ካርቶን ውስጥ ካስቀመጥናቸው ትርፍ ድንጋዮች በአንዱ ተካሁት። እሱን ደግሞ ፀሐይ እንዲያበረታው ዶሮ ቤቱ ቆርቆሮ ላይ አሰጣሁት። የደከመ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ነው የሚሰጣ፣ ይህን የማያውቅ ማን አለ?

አስተማሪዋ አይታ ጮኸች። «አባባ! ይኼ እኮ እንደ ሬዲዮው አይደለም፤ ፀሐይ ይጎዳዋል፣ ሊነድም ይችላል!»

«አንቺ ሳትወለጂ ድንጋይ አስጥቻለሁ።»

«ቆይ፣ የሚለካ ነገር ልሥራልዎ። ምላስዎን ያሳርፉት።»

«ምላሴ ከእኔው ጋር ናት፤ ገበያ ሄጄ አልገዛት» ብያት ወጣሁ። በማግስቱ ማጉያው በዚያው ሰዓት ዝም አለ። ወፉ ሁለተኛውን ዳር በላ።

ያን ጊዜ ጎረቤቴ ማጉያውን ከማማው አወረደልኝና የሠራችውን ለማየት ቤት ተቀመጥኩ። የክብሪት ቀፎ የምታህል ሰሌዳ ነች። ከሞተው ሬዲዮዬ ጥቃቅን ዕቃ ነቅላ በይዳባታለች። ከየድንጋዩ ሽቦ ይመጣል፤ መስታወቱ የተሰነጠቀ አሮጌ ኮምፒውተሯ ላይ የየድንጋዩን ኃይል የሚያሳይ ስድስት መስመር በስድስት ቀለም ይታያል። ድንጋዮቹን ሞልተናቸው ስለነበር ስድስቱም እኩል ቆመዋል።

«ይኸው፣ ሁሉም ደህና ናቸው» አልኳት።

«እስቲ እናስጩሃቸው» አለች።

የራሴ ድምፅ ቤቱን አደነቆረው። ዶሮዎቹ በርግገው ወጡ። መስመሮቹ ጎን ለጎን እየሄዱ ቀስ በቀስ ወረዱ። ከቀትር በኋላ አረንጓዴው ብቻውን ገደል ገባ። አራተኛው ድንጋይ ነው! እኔ ያወጣሁት ሁለተኛውን። ጩኸቱን ስናቆም አረንጓዴው ምንም እንዳላደረገ ሰው ተመልሶ ወጣ፤ ከባልንጀሮቹ እኩል ሊሆን ትንሽ ቀረው።

ስንት በሬ ገዝቻለሁ! ቆሞ ሲያዩት ወዛም የሆነ በሬ ቀንበር ሲጫንበት ይተኛል። ሳልጠምድ በሬ ገዝቼ አላውቅም። ድንጋዩን ግን ሳልጠምድ በምላሴ ፈረድኩበት። ወጥቼ ሁለተኛውን ከቆርቆሮው ላይ አነሳሁትና ጥላ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ከዚያ ሦስት ቀን ሙሉ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። ጎረቤቴ ማሳው ላይ ጣሳ እየደበደበ ጠበቀልኝ። እኔ ካርቶን ውስጥ የቀሩትን ድንጋዮች በአራተኛው ቦታ እየተካሁ፣ በቀን አንድ አስጮህኩ። ቁጥሩ ቢያስቸግረኝ ቀለሙን አያለሁ። የጎረቤቴ ሚስት በአጥር አሻግራ፣ «ምነው፣ ወፎቹ ቤትዎ ገቡ እንዴ?» ትለኛለች። በሦስተኛው ቀን አረንጓዴው ከሌሎቹ ጋር እስከ መጨረሻው ሄደ።

እሁድ ልጄ የማሳው ዳር መበላቱን ሰምቶ አንድ እኩል አራሽ ይዞ መጣ። ወደ ሐሙሲት ከሚወስደው አስፋልት በታች፣ ማሳው ዳር ቆምን። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወፉ መጣ። ድምፄ ጎረቤቴ ማማው ላይ መልሶ ከሰቀለው ማጉያ ጮኸ፤ ወፉ ተነሣ። ደግሞ መጣ፣ ደግሞ ጮኸ። ወፉ ወደ ማደሪያው እስኪሄድ አላቋረጠም።

አራሹ ሳቀ። «እኒህ ሰውዬ ሁለት ጉሮሮ አላቸው። እንኳን እኩሉን፣ አንድ ዘለላም አይሰጡኝ» ብሎ መንገዱን ያዘ።

ልጄ የተበላውን ዳር አሳየኝ። «ይኼስ፣ አባዬ?»

«እሱ የምላሴ ጥፋት ነው። ግን ወፍ ጨረሰው ይባላል?»

መሃሉን አየ። ዘለላው ከብዶት ጎንበስ ብሏል።

«አልጨረሰውም» አለ። ስለ መሬቱ ሌላ ቃል አልወጣውም።

በማግስቱ ጠዋት ሁለተኛውን ድንጋይ ከጥላው አወጣሁት። አስተማሪዋ ወደ ሥራ ልትወጣ ስትል አየችኝና፣ «ሊጥሉት ነው?» አለችኝ።

«ሳልጠምደው አልፈርድበትም» አልኳት። ማጉያው ማሳ ላይ ስለነበረ በእሱ ፋንታ ትንሽ አምፖል አሰርኩለት፣ ሽቦውን ከሰሌዳዋ አገናኘሁና ወንበሬን ወደ ኮምፒውተሩ ሳብኩ።