በስኳር ሰልፍ የተሻገረችው ጽዋ

በደርግ ዘመን ጉለሌ ውስጥ ሰው ብቻውን የሚሆነው ሽንት ቤት ሲገባ ነበር፤ እሱም ወረፋ ነበረው። ሰኞ የውይይት ክበብ፣ ቅዳሜ የጽዳት ዘመቻ፣ እሑድ ልክ በቅዳሴ ሰዓት የቀበሌ ስብሰባ። ግራ እጄን ለመፈክር ከማንሳቴ ብዛት ከቀኜ አንድ ስንዝር ረዝሞ ልብስ ሰፊውን አስቸግሮት ነበር። የአውድማ በሬ እንኳ እየዞረ ጭድ ይቅማል፤ እኛ ግን ምን እንደምናበራይ ሳናውቅ እንዞራለን።

እውነቱን ለመናገር፣ የማርያም ጽዋ ማኅበራችንም ከዚያው አዙሪት አንዱ ይመስለኝ ነበር። ወር በገባ በሃያ አንድ ከአንዳችን ቤት እንሰበሰባለን፤ ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ ይጠጣል፣ ጽዋዋን የሚቀጥለው ባለተራ ይዟት ይሄዳል። አንድ ጊዜ የነፍስ አባቴን፣ «አባ፣ ያው ዳቦ፣ ያው ጸሎት! እመቤታችን ራሷ አልሰለቻትም?» አልኳቸው።

«ልብህ ከተወለድክ ጀምሮ ያንኑ ነው የምትመታው። እስቲ ዛሬ እረፊ በላት!»

እኔም ዳቦዬን ጎረስኩ።

ከዚያ የቀበሌው ሊቀመንበር ማኅበራችንን «ያልተፈቀደ ስብሰባ» ብሎ ከለከለ። ጽዋዋ ያኔ ጎረቤቴ በነበሩ አንዲት ባልቴት ዘንድ ነበረች። በቀኗ ለባለተራው ካላስረከቧት ማኅበሩ ፈረሰ ማለት ነው። ባለተራው ደግሞ እኔ ነበርኩ።

«በእኔ እጅ ትቅር?» አሉና እንባቸው መጣ።

የሰለቸኝን ነገር ሲከለክሉኝ ደሜ ፈላ። የቀበሌውን ዙር በግድ እየዞርኩ፣ ወድጄ የምዞረውን አንዱን ልተው? ሞቼ ነው ቆሜ!

«እማማ፣ አገር ምድሩ ተሰብስቦ ማንም ተበተኑ የማይለው የት ነው?»

«የት ነው?»

«የስኳር ሰልፍ ላይ!»

በሃያ አንድ ጠዋት ማኅበርተኛው ሁሉ ዘንቢሉን አንጠልጥሎ በቀበሌው ሱቅ ፊት ተሰለፈ። ሰልፉ ጫፉ እንጦጦ ማርያም ይደርሳል ብል አትመኑኝ፤ ብዙም ግን አልቀረውም። አባ መሃላችን ቆመው፣ ስለ ስኳር እጥረት የሚያጉረመርሙ መስለው ጸሎቱን አደረሱ። ዳቦው ከዘንቢል ዘንቢል ተሻገረ። ባልቴቷ ጽዋዋን ከነጠላቸው ሥር አውጥተው ሲዘረጉልኝ፣ አብዮት ጠባቂው ጠመንጃውን አንግቶ ከች አለ።

«ምንድን ነው እሱ?»

ባልቴቷ ግን ከዘንቢላቸው ቁራሽ ዳቦ አወጡ።

«ይቺ ላልተጠራ እንግዳ የምናስቀራት ናት። ጌታ በማን ተመስሎ እንደሚመጣ አይታወቅም። እንካ ልጄ።»

«በጠመንጃ ይመጣል እንዴ እማማ?» አልኩ። ምላሴ መቼ ታርፋለች!

«ዝም በል፣ አንተ ቀልማዳ!» አሉኝ ባልቴቷ።

ጠባቂው ግራ ቀኙን አየ፤ ቆቡን አወለቀና ጎረሰ።

«እና ምንድን ነው?» አለኝ፣ እያላመጠ።

ጽዋዋን በሁለት እጄ ተቀበልኩ። «የማርያም ጽዋ ናት» አልኩት፣ ሰልፉ ሁሉ እንዲሰማ። «በሚመጣው ወር እኔ ቤት ነው። ትመጣለህ?»

«እኔ ምንም አልሰማሁም» አለና አፉን ጠርጎ ሄደ።

ስኳሩ እኛ ጋ ሳይደርስ አለቀ። እኔም ጽዋዋን ታቅፌ፣ ለሚመጣው ወር ጠላ የሚሆን ጌሾ ፍለጋ ወጣሁ።