መብራት የማይፈልገው መጋዝ

የበደለኝ የሆሳዕናው ዕቃ ሻጭ ነው፤ ያገዘው ደግሞ የራሴ ምላስ። ከፎንቆ ወጣ ብሎ መብራት ባልገባበት ቀበሌ ያለውን የእናቴን ቤት ጣሪያ ከክረምት በፊት ላድስ ተነሣሁ። አናጢው ኤርጃቦ «የእጁ መጋዝ ይበቃናል» ሲለኝ፣ «አንተ አታነብም፤ እኔ ስለ መጋዝ አንብቤያለሁ» ብዬ ባለ ባትሪውን መጋዝ መረጥኩ። ሻጩም «መብራት አያስፈልገውም» ብሎ ማለልኝ።

አሮጌው ጣሪያ ከወረደ በኋላ መጋዙ ጥቂት እንጨት ቆርጦ ባትሪው አለቀና ዝም አለ። ሰማዩ ጠቁሯል፤ እናቴ ሽቅብ ታያለች። ኤርጃቦ የእጅ መጋዙን ከከረጢቱ እያወጣ፣ «እትዬ፣ ስንተኛው ገጽ ላይ ነው ያቆምሽው?» አለኝ።

በማግስቱ ሻጩ ፊት ቆምኩ። «እትዬ፣ መጋዙ እኮ መብራት አይፈልግም፤ ባትሪው ነው የሚፈልገው» አለኝ።

«ልክ ነህ» አልኩት፤ «እኔም ምግብ አልፈልግም፤ ሆዴ ነው የሚፈልገው።»