የስልኩ ዋስ ማን ነው?

ደርበው ጥርሱን ሳያይ የሚገዛው ነገር ቢኖር ጨው ብቻ ነው እያሉ የዳንግላ ሰዎች ይቀልዱበታል። ውሸታቸውን ነው፤ ጨውንም ቢሆን ቀምሶ ነው የሚገዛው። ዕድሜውን የፈጀው በከብት ገበያው ፈረስ ተራ ነው። ነጋዴ አይደለም፤ ደላላ ሲሉትም ይቆጣል። ፈረስ ሊገዛ የመጣ ሰው ግን ደርበውን ሳይዝ ወደ ተራው አይገባም። እሱ የፈረሱን ከንፈር ገልጦ ዕድሜውን ያውቃል፣ ሰኮናውን አንስቶ ያያል፣ ጥቂት ወዲያ ወዲህ ያስኬደዋል። ከዚያ ወደ ሻጩ ይዞርና የዘወትር ጥያቄውን ይጠይቃል። ምን ይበላል? እስከ መቼ ይሠራል? ዋሱ ማን ነው?

የመጨረሻዋ ከሁሉም ትከብዳለች። በፈረስ ተራ ወግ ሻጭም ገዢም የሚያውቁት ሰው መሀል ቆሞ፣ ፈረሱ የተሰረቀ ቢሆን ወይም የተደበቀ ሕመም ቢወጣበት እኔን ጠይቁኝ ካላለ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ አያልፍም። ሻጭ ለራሱ ዋስ አይሆንም። ደርበው ዋስ የሌለውን ፈረስ ክንፍ ቢያወጣ እንኳ አይገዛም፤ እንዲያውም ክንፍ ካወጣማ ጭራሽ ይጠረጥረዋል።

ከሰው ጋር የሚገበያየው በአማርኛ ነው፤ ፈረስን የሚያናግረው ግን በአዊኛ ነው። ሟች ሚስቱ ለእኔ የማትነግረኝን ሁሉ ለፈረስ ትነግራለህ ትለው ነበር፤ እውነቷን ነው። ድሮ ግቢው ፈረስ አይታጣበትም ነበር። አንዱ ለልጆች ትምህርት፣ ሌላው ለእሷ ሕክምና እየተሸጠ ሄዶ ዛሬ የቀረችው ዳማ ናት። ዳማ መጀመሪያ የመልኳ ስም ነበር፤ ኋላ የራሷ ስም ሆነ። ሰጋር ባዝራ ናት፤ በሙሉ ብርጭቆ ጠላ ይዘው ቢቀመጡባት ጠብ አትልም። በጥር በፈረሰኞች በዓል ደርበው እሷ ላይ ሲወጣ ያ ወገቤን የሚለው ሽማግሌ የት እንደሚገባ አይታወቅም። እኔን ብትጠይቁኝ፣ በዚያን ቀን የሰውየው ዕድሜ የሚቆጠረው በዳማ ጥርስ ነው።

ልጁ ፀደይ የምትኖረው እንጅባራ ነው፤ ከቀርከሃ ወንበርና መደርደሪያ ትሠራለች። እጇ የተባረከ ነው። ደንበኞቿ ግን ባሕር ዳር ናቸውና ወንበሩን የሚያዝዙት በስልክ ፎቶውን አይተው ነው። የስልኳ ካሜራ ካረጀ ወዲህ የምትልከው ፎቶ ሁሉ ጉም የለበሰ ሆነ። እንጅባራ ጉሟ የታወቀ ነው፤ ቢሆንም ቤት ውስጥ የተቀመጠ ወንበር ላይ ጉም አይወርድም። አንዲት ደንበኛ ወንበሩን አጥበሽ ሳይደርቅ ነው ወይ ያነሳሽው ብላ ጻፈችላትና ትዕዛዟን ተወችው። አጠገቧ የሚሠራው ሰው ደግሞ አዲስ ስልክ ገዝቶ ደንበኞቿን አንድ በአንድ እየወሰደባት ነበር። ፀደይ ይህን ለአባቷ ያወራችው ለወሬ ያህል ነው፤ ግዙልኝ አላለችም። የአባት ጆሮ ግን ያልተባለውንም ይሰማል።

ደርበው ማንንም ሳያማክር ዳማን ሊሸጣት ቆረጠ። ገዢው ዓባይነህ ነው፤ ከመናኸሪያው ሰውና ጭነት የሚያመላልሱ ጋሪዎች አሉት። ክፉ ሰው አይደለም፣ ፈረሶቹን ያበላል። ያም ሆኖ ያቺ ሰጋር ባዝራ ጋሪ ልትጎትት ነው። ደርበው ግን ለፀደይ ደወለና በገበያው ቀን ነይ፣ ስልኩን እንገዛለን አላት። ገንዘቡ ከየት መጣ ብትለው ከድንች አላት። የዚያን ዓመት ድንቹን ውርጭ እንደበላው እሷ አልሰማችም።

ቆርጦ እንኳ ወጉን አልተወም። የምትገዛውን ሳታይ የያዝከውን አትሽጥ የሚላት ነገር አለችው። ስለዚህ በገበያው ቀን የዳማን ገመድ ለዓባይነህ አስይዞ፣ ትንሽ ጠብቀኝ፣ ቁርጡን እነግርሃለሁ ብሎት ሄደ። ፀደይን ከሚኒባስ ተቀብሎ በቀጥታ ወደ ሽመክት ሱቅ ወሰዳት። ሽመክት አዲስም ያገለገለም ስልክ የሚሸጥ፣ የተበላሸም የሚጠግን ወጣት ነው።

ሽመክት አዲሱን ስልክ ከመስታወቱ ሳጥን አውጥቶ አበራው። ደርበው ቆንጆ ነገር ሲያይ ቆንጆ ነው ከማለት አይሰስትም፤ እውነትም ቆንጆ ነው አለ። ዋጋውን ጠየቀ። ልክ የዳማ ዋጋ ነበር፤ የተረፈች ብትኖር ለሚኒባስ ነች። ስልኩን በጥንቃቄ ይዞ ገለበጠው፤ ከሥሩ ያለችውን ቀዳዳ አጮልቆ አየ። ሽመክት ምን እየፈለጉ ነው ብሎ ቢጠይቀው፣ ደርበው ፈገግ ሳይል «ጥርሱን» አለው።

ከዚያ ጥያቄው ተጀመረ። ምን ይበላል አለ። ሽመክት መብራትና ጥቅል ነው ሲለው፣ ጥቅል ጎመን ነው ወይ አለ። ጥቅሉ የኢንተርኔት እንደሆነ ደርበው ያውቃል፤ ሰውን ማሳቅ ደስ ይለዋል እንጂ። ፀደይም ሳቀች፤ ሳቋን ጨርሳ ግን ይህ ስልክ ከእሷኛው የበለጠ ጥቅል ይጨርስ እንደሆነ ጠየቀች። ሽመክት መዋሸት የማይሆንለት ልጅ ነው። ፎቶው በጠራ ቁጥር ይከብዳል፣ በከበደ ቁጥር ጥቅሉን ቶሎ ያሟጥጣል አላት። መስታወቱ ቢሰበርስ አለ ደርበው። የዚህ ዓይነቱ መስታወት ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው፤ ዋጋው የስልኩን ግማሽ ሊደርስ ጥቂት ነው የሚቀረው። እስከ መቼ ይሠራል? ባትሪው ሁለት ሦስት ዓመት ሲሆነው ይደክማል፤ ያኔ ልሽጠው ቢሉ የሚሰጠው ገንዘብ የሚያሳዝን ነው።

ደርበው ስልኩን በመዳፉ እየመዘነ፣ ዳማ ስንት ዓመት ተጋልባ፣ ስንት ወልዳ፣ ዛሬም ዋጋዋ አልወረደም፤ ይህ ሲያረጅ ምን ጥሎልን ያልፋል አለ። ከአፉ ያመለጠችው ቃል ናት። ፀደይ ቀና አለች። ዳማ እዚህ ምን አገባት ብትለው ለምሳሌ ያህል ነው አላት። እሷ ግን ዓይኗን ከፊቱ አላነሳችም።

«ዋሱስ?» አለ ደርበው፣ ወሬውን ለማስቀየር።

«የአንድ ዓመት ዋስትና አለው ጋሼ።»

ደርበውን ቀለል አለው። «ጎሽ። በል ጥራው።»

«ማንን?»

«ዋሱን ነዋ።»

ሽመክት ግራ ተጋብቶ ከካርቶኑ ውስጥ አንዲት ወረቀት አወጣ፤ ዋሱ ፋብሪካው እንደሆነ አስረዳ። ደርበው ፋብሪካው የማን ልጅ እንደሆነ፣ ቤቱስ በየት በኩል እንደሆነ ጠየቀ። ውጭ አገር ነው ተባለ። ደግሞም ስልኩ ቢወድቅ ወይም ውኃ ቢገባው ዋስትናው አይመለከተውም። ደርበው ስልኩን ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ መለሰው። ፈረሱ ሲያነክስ የማይጠየቅ ዋስ፣ እሱ እስከሚያውቀው ድረስ፣ መንገደኛ ነው።

ይህን ጊዜ በሩ ጨለመ። መጠበቅ የሰለቸው ዓባይነህ ዳማን እየሳበ መጥቶ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ዳማም የጌታዋን ድምፅ ብትሰማ ጊዜ አንገቷን ወደ ሱቁ አስገባች።

«ጋሼ ደርበው፣ ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው» አለ ዓባይነህ። «ይሸጡልኛል ወይስ ወደ ሥራዬ ልሂድ?»

ፀደይ ዳማን አየች፤ አባቷን አየች።

«አባ፣ ድንቹ ይህች ናት?»

ፈረስ ሻጮችን ሁሉ በጥያቄ የሚያፋጥጥ ሰው፣ ልጁ ባነሳችው ጥያቄ መግቢያ ጠፍቶት የጋቢውን ጫፍ ይጎነጉን ጀመር። ሥራሽ ከሚሞት ብዬ ነው አላት።

«ዳማን ሸጠው ቢገዙልኝ፣ በከፈትኩት ቁጥር የማያት ጋሪ ስትጎትት ነው» አለች ፀደይ። «ወንበሬን አጥርቶ ያነሳልኝ ይሆናል። እኔ ግን ወንበሩን አላየውም። ሥራዬ የሚፈልገው ደህና ካሜራ ነው፤ እርስዎን ባዶ ግቢ ውስጥ የሚያስቀምጥ ስልክ አይደለም።»

ሽመክት ይህን ሁሉ ሲሰማ አቀርቅሮ ነበር። ከጠረጴዛው ሥር ሌላ ስልክ አወጣ። ያገለገለ ነው፤ እህቱ ስትጠቀምበት የቆየችው፣ ባትሪውንም መስታወቱንም በእጁ የቀየረው። መስታወቱ እዚሁ ዳንግላ ይገኛል፣ ዋጋውም አያስደነግጥም። ፀደይ ወደ መደርደሪያው አነጣጥራ አንድ ፎቶ አነሳች፤ የካርቶኖቹ ጽሑፍ ሳይቀር ጥርት ብሎ ወጣ። ዋጋው በቀርከሃ ሥራዋ ያጠራቀመችው ገንዘብ የሚችለው ነበር። የዚህኛው ዋስ እኔ ነኝ አለ ሽመክት።

ደርበው ራሱን ነቀነቀ። «ልጄ፣ ሻጭ ለራሱ ዋስ አይሆንም።»

ሁሉም ዞሮ ዓባይነህን አየው። ሽመክትን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፣ የጎረቤቱ ልጅ ነው፤ ደርበውንም ያውቀዋል። ለሚያውቁት ሰው ዋስ ሁን ተብሎ እምቢ ማለት ደግሞ ነውር ነው። ዓባይነህ የዳማን ገመድ እንደያዘ፣ ፈረስ ልገዛ መጥቼ የስልክ ዋስ ልሆን ነው እንዴ እያለ አጉረመረመ። ቢሆንም ገባ፤ መሀላቸውም ቆመ። ስልኩ የተሰረቀ ቢሆን፣ የተደበቀ ሕመም ቢወጣበት እኔን ጠይቁኝ፤ እኔ ይህን ልጅ አሳምሬ እጠይቀዋለሁ አለ። ሽመክትም ከልቡ ሳቀ። ገንዘቡ ከእጅ ወደ እጅ ያለፈው ከዚህ በኋላ ነው።

ደርበው የዳማን ገመድ ከዓባይነህ እጅ ሲቀበል፣ ቀጥላ የምትወልደውን ከማንም በፊት ለአንተ አሳይሃለሁ ብሎ ቃል ገባለት። ዓባይነህ የፈለግኩት የሚጎትት ነው እንጂ የሚጠባ አይደለም ብሎ ቀለደ፤ ቃሉን ግን ተቀበለ። እግረ መንገዱንም ዳማን አንገቷን ቸብ አድርጓት ሄደ።

አባትና ልጅ ከገበያው ወጡ። ደርበው በዳማ ላይ አልወጣም፤ ገመዷን ይዞ አጠገቧ ይሄዳል። ጥቂት እንደሄዱ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለና በአዊኛ ያወራት ጀመር። ልሸጥሽ ነበር አላት። ይቅር በይኝ አላት። ዳማ ጆሮዋን አንዴ አወዛወዘችና መንገዷን ቀጠለች። ፀደይ ከኋላቸው ቀረት ብላ ሰማችው፤ ያልሰማች መስላ ስልኩን አነሳችና ፎቶ አነሳቻቸው።

ካሜራው ቀጭ ሲል ደርበው ዞረና አሳዪኝ አላት። አሳየችው። የዳማ ጭራ ፀጉር አንድ በአንድ ይታያል፤ የእሱም ጋቢ ጥለት ሳይቀር ይታያል። የትም ቦታ ጉም የለም። አገላብጦ፣ አቅርቦ፣ አርቆ አየው።

«ጥርሷ የታለ?» አላት።

«ከኋላ ነዋ ያነሳኋችሁ አባ።»

«እንግዲያውስ አልሆነም» አለ ደርበው። ዳማን መሀል መንገድ ላይ አዞራትና ከንፈሯን በሁለት ጣቱ ገልጦ፣ እሱም አብሯት ጥርሱን እያሳየ፣ ፎቶው እስኪነሳ ቆመ።