ጋሼ አምስት ዳይመንድ የጠሩ ዕለት

ብሪጅ የሚባለውን የካርታ ጨዋታ ያስተማሩኝ መርካቶ፣ ሸማ ተራ ውስጥ ከእኔ ሱቅ ፊት ለፊት ጋቢና ነጠላ የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ። ከታናሽ ወንድማቸው ጋር አንድ ሱቅ ይዘው፣ ገበያ በቀዘቀዘ ቁጥር ከሁለት ጎረቤቶች ጋር ካርታ ሲጫወቱ አረጁ። እኔም ደንበኛ ሲጠፋ በርጩማዬን ጎትቼ ከታናሽየው ጀርባ እቀመጥ ነበር። ታናሽየው ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ከሁለት ዓመት በፊት አረፉ። አርባቸው በወጣ በሳምንቱ ጋሼ ጠሩኝና ባዶውን ወንበር አሳዩኝ።

«ነይ ልጄ፣ ቁጭ በይ።»

«የሳቸው ወንበር አይደል፣ ጋሼ?»

«ወንበር የተቀመጠበት ሰው ነው» አሉ።

ብሪጅ አራት ሰው ይጫወተዋል፤ ፊት ለፊት የተቀመጡት ሁለቱ አንድ ወገን ናቸው። ካርታ ከመውረዱ በፊት ስፔድ ይሁን ዳይመንድ፣ የትኛው ቀለም ሌሎቹን የሚበላ ገዢ እንደሚሆንና ከአሥራ ሦስቱ ዙር ስንቱን እንደሚበሉ በየተራ ይጠራሉ፤ በተጠራው ቁጥር ላይ ስድስት ይደመራል፣ አምስት ሲባል አሥራ አንድ ዙር ማለት ነው። ከጥሪው ሌላ ለጓደኛ ቃል መተንፈስ ክልክል ነው። ስለዚህ ጥሪው ራሱ ቋንቋ ነው። ጋሼ ያስተማሩኝ ቋንቋ ቀላል ነበር፦ «ዳይመንድ ካልኩሽ እጄ በዳይመንድ ሞልቷል ማለት ነው። አትመራመሪ።»

ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ከፒያሳ በኩል ከመጡ አራት ሰዎች ጋር ቡድን ለቡድን ገጠምን። ሱቆቻችን ያሉበት የገበያ ማዕከል ሁለተኛ ፎቅ ላይ ልብስ ሰፊዎች የሚሠሩባቸውን ሁለት ክፍሎች ለመንን። በአንዱ ክፍል የተጫወትነው ካርታ ሳይቀላቀል ወደ ሌላው ይሄዳል፤ እዚያ የቡድናችን ሁለቱ ጎረቤቶች በተቃራኒው ወገን ሆነው ያንኑ ይጫወቱታል። ስለዚህ የተሸነፈ ሰው ዕድሌ ነው ማለት አይችልም።

እሑድ መርካቶን ያላየ ሰው መርካቶን አውቃለሁ ቢለኝ አላምነውም። ሌላ ቀን ተሸካሚው «ዞር በል!» እያለ የሚጋፋበት መተላለፊያ ከዳር እስከ ዳር የተዘጋ ቆርቆሮ በር ብቻ ነው። ደረጃውን ስንወጣ የራሳችን ኮቴ ከኋላችን የሚከተለን ይመስል ነበር። ክፍሉ ውስጥ የስፌት መኪኖቹ በጨርቅ ተሸፍነው፣ ያላለቁ ቀሚሶች ግድግዳው ላይ ተሰቅለው ነበር።

በእኛ ጠረጴዛ የተቀመጡት ሁለት ጡረተኞች ናቸው። አንደኛው፣ ባለመነጽሩ መምህር፣ ወንድማማቾቹን ከወጣትነታቸው ጀምሮ ያውቃቸዋል። እስከ መጨረሻው ካርታ ድረስ እኩል ነበርን።

በዚያ ካርታ ጋሼ ስፔድ ጠሩ። እኔም ጥሩ ስፔድ ስለነበረኝ ደገፍኳቸው። ጋሼ ካርታቸውን አጠፉና፣ ቀስ ብለው፣

«አምስት ዳይመንድ» አሉ።

እኔ ያለኝ ሦስት የማይረቡ ዳይመንድ ነው። ቀና ብዬ አየኋቸው። ፈገግ ብለዋል። ዓይናቸው እኔ ላይ ነው፤ ግን ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ከእኔ የሚረዝም ሰው ፊት የሚያዩ ያህል። ሞልቶኛል ማለታቸው ነው፣ አልመራመርም አልኩና «ፓስ» አልኩ፤ ጥሪ አልጨምርም ማለት ነው። ሁሉም ፓስ አሉ። ዳይመንድ ገዢ ሆነ።

የጠራው ሰው ሲጫወት ጓደኛው ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ገልጦ ዝም ይላል። እኛ ሱቅ ይህን ሰው «ሙት» እንለዋለን። ሙት አይናገርም፤ የታዘዘውን ካርታ ብቻ ያነሳል። እኔም ካርታዬን ዘረጋሁ። ጋሼ ሦስቱን ዳይመንዶቼን አዩ። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ምነው ዝም አልክ?» አሉኝ።

አልክ ነው ያሉት። የተሳሳቱ መሰለኝ።

«ትንሿን ጣል፣ ወንድምዓለም» አሉ።

ጣልኩ። መምህሩ እጁን አየር ላይ እንዳቆመ ቀረ። ጋሼ በእጃቸው አንድም ዳይመንድ አልነበራቸውም። አንድም! ባላጋራዎቻችን ገዢያችንን አንድ በአንድ እየለቀሙ በሉን። ጋሼ ግን ልክ እያሸነፉ እንዳለ ሰው ረጋ ብለው «ይሄንን ጣል፣ አሁን ያንን» ይሉኛል። ልመልስላቸው አልችልም፤ ጨዋታው አይፈቅድም። ቢፈቅድስ በማን ድምፅ እመልስላቸዋለሁ? ከአሥራ ሦስቱ ዙር ሦስት በላን።

ሌላው ክፍል ውስጥ ባላጋራዎቻችን ያንኑ የእኛን ካርታ ይዘው፣ ስፔድን ገዢ አድርገው አሥራ ሁለት በልተው ነበር። ግጥሚያው በዚያ አለቀ።

መምህሩ ደረጃው ላይ ክንዴን ያዘኝ። «ያ የወንድማማቾቹ ጥሪ ነው» አለኝ። «ስፔድ ከተስማሙ በኋላ አምስት ዳይመንድ ማለት፣ ዳይመንድ የሚባል የለኝም፣ በስፔድ ወደ ላይ ውጣ ማለት ነው። ከታናሽየው ሌላ ለማንም ሲጠሩት ሰምቼ አላውቅም።»

ጋሼ ቤታቸው አማኑኤል አካባቢ ነው፤ ልሸኛቸው በራጉኤል በኩል አብረን ወጣን።

«ተሸነፍን አይደል፣ ልጄ?»

«አዎ ጋሼ። በአምስት ዳይመንዱ።»

ቆሙ። «አምስት ዳይመንድ ማን ጠራ?»

የሚቀልዱ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ። አይቀልዱም።

«እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«ምን ነክቶሽ ነው?» ብለው እየሳቁ መንገዱን ተሻገሩ።

አብራቸው ለምትኖረው ልጃቸው ነገርኳት፤ እሷም ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ መዘንጋት እያየች ኖሯል። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። የከፋኝ መሸነፋችን አይደለም፤ ጠርተውኝ መልስ ማጣታቸው ነው። መምህሩ ዘንድ ሄጄ የሚያስታውሳቸውን የወንድማማቾቹን ጥሪዎች ሁሉ ጻፍኩ። ደግመው ከጠሩ እመልሳለሁ ብዬ በቃሌ አጠናሁ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ሱቃቸው ውስጥ ከጎረቤቶቹ ጋር ስንጫወት፣ ስፔድ ከተስማማን ወዲያ ጋሼ ካርታቸውን አጥፈው «አምስት ዳይመንድ» አሉ።

«ስድስት ስፔድ» አልኩ ወዲያው። አሥራ ሁለቱንም በላን። ጎረቤቶቹ አጨበጨቡ።

ጋሼ አላጨበጨቡም። ቀጥ ብለው ዓይን ዓይኔን አዩኝ፤ በዚያ ሰዓት እኔን ነበር የሚያዩት።

«ይህን ማን አስተማረሽ?»

«መምህሩ ነው፣ ጋሼ።»

«ይህን ከእኔና ከወንድሜ በቀር የሚያውቅ የለም። አንቺ... ከየት ሰማሽው?»

መምህሩን ደውዬ ላገናኛቸው ስልኬን አወጣሁ። እጃቸውን አወዛወዙ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ገበያው ገና ሳይዘጋ፣ ሱቃቸውን ዘግተው ሄዱ።

በማግስቱ እንደወትሮው ሰላም አሉኝ፤ የቤተሰቤን ደኅንነት ጠየቁኝ። ከሰዓት በኋላ ካርታው ሲወጣ ወደ ወንበሬ ስሄድ ግን ከጎናቸው ያለውን በርጩማ መታ መታ አደረጉ።

«እዚህ ሁኚ፣ ልጄ። ፊት ለፊቴ አትቀመጪ።»

እሺ አልኩ። በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። የወንድማቸውን ነገር የሰረቅኩባቸው ያህል ያን ቀን ባዩኝ ዓይን ዳግመኛ እንዲያዩኝ አልፈልግም።